«በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ወስደሽ ነበር?»፦ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

የሕጻናት ሐኪም ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ንግግር ከዘገየባቸው፣ ኦቲዝም ካለባቸው ወይም በትምህርት ከተቸገሩ ልጆች ጋር ነው። በእነዚህ ዓመታት አንድ ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚጠየቀው ለእናት ነው። «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን ወስደሽ ነበር?» ዘመድ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሐኪምም ይጠይቃል። እኔም ጠይቄያለሁ።

ጥያቄው ራሱ ስህተት አይደለም። በማህፀን ውስጥ የሚያጋጥሙ አንዳንድ ነገሮች የልጅን አእምሮ ዕድገት እንደሚነኩ የታወቀ ነው። ስህተቱ ይህን ብቻ ጠይቆ መቆም ነው። እዚህ የምጽፈው ጉዳይ እንዲህ ያለው አጠያየቅ አንድን ቤተሰብ እንዴት እንደጎዳና እውነተኛውን ምክንያት ለዓመታት እንዴት እንደደበቀ ያሳያል። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ።

ቤተሰቡ

ልጁ ወደ እኔ ሲመጣ አምስት ዓመቱ ነበር። ኦቲዝም እንዳለበት የተነገራቸው በሦስት ዓመቱ ነው። ቁልፍና መቆለፊያ ይወዳል። ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በሩ እጀታ ነው። ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ድምፁም በአፍንጫው ይወጣል።

እናትየዋ የ13 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። «ሁለተኛውም እንደዚህ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷታል። አባትየው ዝምተኛ ነው። ሲጠየቅ ወደ ሚስቱ ያያል፣ መልሱን ለእሷ ይተዋል። የአባትየው እናትም አብረዋቸው መጥተው ነበር።

የልጁን ፋይል ሳገላብጥ ብዙ ነገር አገኘሁ። ሲወለድ ልቡ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ዓመት ሳይሞላው በራሷ ተዘጋች። ጡት ሲጠባ ወተቱ በአፍንጫው ይመለስ ነበር። ጆሮው ደጋግሞ ያመዋል። በሁለት ዓመቱ ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጦታል፤ ሁለቱንም ጊዜ «የትኩሳት ነው» ተብሏል። ልቡን የልብ ሐኪም አይቶለታል። ጆሮውን የጆሮ ሐኪም፣ ንግግሩን የንግግር ባለሙያ አይተውለታል። ሁሉም የየድርሻቸውን በደንብ ሠርተዋል። ነገሮቹን አንድ ላይ አድርጎ ያየ ግን አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገርም ፋይሉ ውስጥ አየሁ። ኦቲዝሙ ሲመረመር የተሞላው ቅጽ ስለ እናትየዋ እርግዝና ሙሉ ገጽ ይጠይቃል። መድኃኒት፣ ትኩሳት፣ ደም መፍሰስ፣ አመጋገብ፣ ጭንቀት። ስለ አባትየው ያለው አንድ መስመር ነው፤ ዕድሜው። ዕድሜው መጠየቁ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአይስላንድ የወጣ ጥናት የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ወደ ልጅ የሚተላለፉ አዳዲስ የዘረመል ለውጦች በሁለት ያህል እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ግን ከዕድሜው ሌላ ስለ ሰውየው የተጻፈ አንዳች ነገር የለም። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ወንድሞቹና እህቶቹ ምንም።

ችግሩ

እናትየዋ ከመጀመሪያው እርግዝናዋ በፊት ጀምሮ ድባቴ ነበረባት። ሰርትራሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ትወስድ ነበር፣ ተስማምቷትም ነበር። አሁን ነፍሰ ጡር መሆኗን ባወቀች ጊዜ፣ በስድስተኛው ሳምንት፣ ለማንም ሳትነግር አቆመችው። «አንዱን ልጄን በክኒን አበላሸሁት፤ ሁለተኛውን አላበላሽም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ኪሎዋ ቀንሷል። ራሷን ለመጉዳት ታስብ እንደሆነ በቀጥታ ጠየቅኳት። አታስብም፤ ግን «ባልነቃሁ» የምትልባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ስለዚህ እኔ ዘንድ የመጣው ጥያቄ ስለ ዘረመል ቢሆንም የሚጣደፈው የእሷ ሕመም ነበር። በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ደወልኩ። በማግስቱ አየቻት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት መጻፍ አለብኝ። እናትየዋ ገና ታሪኳን ሳትጨርስ ላጽናናት ቸኮልኩ። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ የማን ነው?» አለች።

አባትየው አንገቱን ደፋ። አያትየዋ ዝም አሉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። «ጥፋት የለም» ማለት ሲገባኝ ጥፋት እንዳለ ተቀብዬ ባለቤቱን ብቻ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ «ጥፋት» የሚለውን ቃል ራሴ አላነሳውም። ሌላ ሰው ካነሳው ደግሞ መጀመሪያ አዳምጣለሁ።

ለማረም የሞከርኩት የድሮውን ታሪክ በመንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የሕጻናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር 11 ልጆችን አይቶ ኦቲዝምን በጽሑፍ ሲገልጽ፣ ልጆቹ ከውልደታቸው ጀምሮ እንዲህ እንደነበሩ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን «ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው» የሚል አስተሳሰብ ለሃያ ዓመት ያህል ነገሠ። ብዙ እናቶች ይህን ከሐኪም አፍ ሰምተው ቤታቸው ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ፎልስታይንና ራተር የተባሉ ተመራማሪዎች 21 መንታ ጥንዶችን አጠኑ። ዘራቸው አንድ ከሆነው 11 ተመሳሳይ መንታ ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው። ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም አልነበረም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያሳየው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት አገሮች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆችን ያካተተ ጥናት የዘሩን ድርሻ ወደ 80 በመቶ ገመተው።

እናትየዋ በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። «እሺ፤ እነዚህስ?» አለች።

ወረቀቱ ላይ የተጻፉት

በመጀመሪያው እርግዝናዋ ያደረገችውንና የደረሰባትን ሁሉ ጽፋለች። አንድ በአንድ ሄድንበት። ሁለት ቀጠሮ ፈጀብን። ከሠራሁት ሁሉ በጣም የጠቀማት ይህ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

መጀመሪያ ያለው ሰርትራሊን ነው። የድባቴ መድኃኒት በእርግዝና የወሰዱ እናቶችን ልጆች ካልወሰዱት ልጆች ጋር ያወዳደሩ ጥናቶች አሉ። በመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ኦቲዝም በወሰዱት ልጆች ላይ ከፍ ብሎ ታይቷል። ግን መድኃኒቱን የሚወስደው ያልታመመ ሰው አይደለም። ድባቴና ኦቲዝም የሚጋሯቸው የዘር ምክንያቶች አሉ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ወንድማማቾችን ማወዳደር የጀመሩት፤ እናት አንድ፣ አንዱ ልጅ መድኃኒቱ ደርሶታል፣ ሌላው አልደረሰውም። እንዲህ ሲታይ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል። መድኃኒቱን በድንገት ማቆም የሚያመጣው ጉዳት ግን ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ሁለተኛው ፓራሲታሞል ነው። በአምስተኛው ወር ትኩሳት ይዟት ለሦስት ቀን ወስዳለች። እዚህም ያው ዓይነት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከስዊድን የወጣው ወደ 2.5 ሚሊዮን ልጆችን አይቷል። ወንድማማቾች ከወንድማማቾች ሲወዳደሩ ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት አልተገኘም።

ሦስተኛው ትኩሳቱ ራሱ ነው። በዚህ ላይ መልሴ እንደ ሌሎቹ ቀላል አልነበረም። አንዳንድ ኢንፌክሽን የፅንስን አእምሮ እንደሚጎዳ የተረጋገጠ ነው። በጣም የሚታወቀው ሩቤላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ ከተነሳው ወረርሽኝ በኋላ የሕጻናት የአእምሮ ሐኪሟ ስቴላ ቼስ በማህፀን ሩቤላ የያዛቸውን 243 ልጆች ተከታተለች። 18ቱ ላይ የኦቲዝም ምልክት አገኘች። ለዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ነው። ይህን የሚከላከል ክትባት ዛሬ አለ፤ ከእርግዝና በፊት ይሰጣል። የእሷ ግን ተራ ጉንፋን ነበር። ትኩሳቱን ማውረዷ ደግሞ ትክክል ነበር፤ ይህንንም ነገርኳት።

አልትራሳውንድ፣ የሥራ ጫና፣ ከባሏ ጋር አንድ ሌሊት መጣላቷ። እነዚህን ቶሎ አለፍናቸው።

ከዚያ እሷ ያልጻፈችውን አንድ ነገር እኔ ጨመርኩ። ቫልፕሮየት ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልወሰደችም። የጠየቅኩት ለሚጥል በሽታና ለስሜት መዋዠቅ የሚሰጠው ይህ መድኃኒት ማስረጃው ጠንካራ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ቫልፕሮየት በማህፀን ከደረሳቸው ልጆች መካከል 4.4 በመቶ የሚሆኑት ኦቲዝም እንዳለባቸው አገኘ። በጠቅላላው ሕዝብ 1.5 በመቶ ነበር። መውለድ የምትችል ሴት ይህን መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ከሐኪሟ ጋር መምከር አለባት። እየወሰደች ከሆነ ደግሞ በራሷ ማቆም የለባትም፤ ድንገተኛ ማቆም ከባድ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ይህን ለእሷ የነገርኳት አንድ ነገር እንድታይ ብዬ ነው። በእርግጥ የሚጎዳ ነገር ሲኖር እኛ አንደብቅም። ስለ ሰርትራሊን ያልኳትን ከዚህ በኋላ አመነችኝ። ከአእምሮ ሐኪሟ ጋር ተነጋግራ በ14ኛው ሳምንት መልሳ ጀመረች።

የዘር ሐረጉ

በሦስተኛው ቀጠሮ ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ መሣል ጀመርኩ። በእናትየዋ በኩል ከድባቴ በቀር ብዙ አልነበረም። ወደ አባትየው ስዞር እሱ እንደ ልማዱ ዝም አለ። የተናገሩት እናቱ ናቸው።

ሌላ ልጅ አላቸው። የአባትየው ታናሽ ወንድም ነው። በ19 ዓመቱ ድምፅ መስማት ጀመረ። ስኪዞፍሬኒያ ተባለ። ሕመሙ ከጀመረው ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ይኖራል። አልፎ አልፎም ያንቀጠቅጠዋል። ልጅ ሳለ ላንቃው ተሰፍቶለታል።

«እኔንም ጠይቀውኛል» አሉ አያትየዋ። «አርግዘሽው ሳለ ምን ሆነሽ ነበር እያሉ። በደንብ አልበላሁም ነበር። እስከ ዛሬ በዚያ ነው የምለው።»

ምራታቸውን ሲጠይቋት የነበረው ጥያቄ እሳቸውን ሃያ ዓመት ያሠቃያቸው ጥያቄ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ሲለዝብ ተሰማኝ። ምራታቸው እጃቸውን ያዘች።

ስለ ረሃቡ የሚታወቀውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ሆላንድ ውስጥ ከባድ ረሃብ ነበር። ረሃቡ በጠናበት ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ሲያድጉ ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከሌሎች በእጥፍ ያህል ነበር። እጥፍ ሲባል ያስፈራል። ግን ስኪዞፍሬኒያ በተለምዶ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል ነው የሚይዘው፤ እጥፉ ከመቶ ሁለት ነው። በዚያ ሁሉ ረሃብ ውስጥ የተፀነሱት እንኳ እጅግ አብዛኞቹ አልታመሙም። አያትየዋ በደንብ አልበላሁም የሚሉት ደግሞ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከዚያ አባትየውን በስሙ ጠርቼ ስለ ልጅነቱ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ያመነታ ነበር። ቀስ በቀስ ተናገረ። ትምህርት ቤት በድምፁ ይስቁበት ነበር፤ በአፍንጫው ስለሚናገር። ሒሳብ ከብዶት ያውቃል። ጣቶቹን ደጋግሞ ይደነዝዘዋል። ሰው ፊት መናገር ስለሚያስጨንቀው ዝም ማለትን መረጠ። ያ ዝምታ ጠባዩ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ልብ፣ ላንቃ፣ በአፍንጫ መናገር፣ መንቀጥቀጥ፣ ኦቲዝም፣ ስኪዞፍሬኒያ። ሁሉም አንድ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ጥርጣሬዬ ግልጽ ሆነ። ይህን ለማግኘት የፈጀብኝ አርባ ደቂቃ ነው።

ውጤቱ

ለልጁ የክሮሞዞም ማይክሮአሬይ አዘዝኩ። ይህ ምርመራ በክሮሞዞሞች ላይ የጎደለ ወይም የተደገመ ቁራጭ ካለ ያሳያል። ኦቲዝምና የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች መጀመሪያ ከሚታዘዙት የዘረመል ምርመራዎች አንዱ ነው። ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው ሌላ የዘር ምክንያት ምርመራም አብሮ ተላከ፤ እሱ ምንም አላሳየም። ማይክሮአሬዩ ግን ከሳምንታት በኋላ መልስ ይዞ መጣ። ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሏል። ስሙ 22ኪው11.2 ዲሊሽን ነው፤ በአጭሩ 22ኪው እለዋለሁ። የሚጎድለው ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላትና ወደ 40 የሚጠጉ ጂኖች ይይዛል። ከ4,000 ሕጻናት አንዱ ያህል ይህ ጉድለት አለበት። በአብዛኞቹ ላይ ጉድለቱ አዲስ ነው፤ ከወላጅ አልመጣም። ከአሥሩ በአንዱ ያህል ግን ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል።

ወላጆቹ ተመረመሩ። አባትየው ላይ ተገኘ። አያትየዋም ተመርምረው የለባቸውም። አያትየው በሕይወት ስለሌሉ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻልንም።

ብዙ ሰው ለመረዳት የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። ጉድለቱ ያው አንድ ነው። በልጁ ላይ ኦቲዝምና የልብ ቀዳዳ ሆኖ መጣ። በአባቱ ላይ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ፣ የሒሳብ ችግርና ጭንቀት ሆነ። ይህ ጉድለት ካለባቸው አዋቂዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ስኪዞፍሬኒያ ይይዘዋል። ሦስቱን አይይዛቸውም። ዘረመል መንገዱን ያዘነብለዋል እንጂ ማን ወዴት እንደሚደርስ አይወስንም። ሌሎች ጂኖች አሉ፣ የእርግዝናው ሁኔታ አለ፣ ከተወለዱ በኋላ ያለው ኑሮ አለ።

በዚህ ቤተሰብ አንድ ግልጽ ምክንያት ተገኘ ማለት በሌሎችም ይገኛል ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ማይክሮአሬይ ምንም አያሳይም። የእነሱ ዘር እያንዳንዳቸው ኢምንት ድርሻ ባላቸው ብዙ ለውጦች የተሠራ ነው።

አባትየውና ወንድሙ

ውጤቱን የነገርኳቸው ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጬ ነው። ያንን ባላደርግ ይሻል ነበር። አባትየው «ታዲያ ከእኔ ነው» አለና ተነሣ። ሁለት ወር ያህል ወደ ቀጠሮ አልመጣም። የእናትየዋን ሸክም አንሥቼ እሱ ላይ ጫንኩት። በዚያው ቀን ደግሞ ብዙ ቁጥር ነግሬያቸዋለሁ። እናትየዋ ያስታወሰችው አንዱን ብቻ ነው። ሃምሳ በመቶ። ጉድለቱ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው «ሃምሳ በመቶ ስኪዞፍሬኒያ» ብላ ነው። በስልክ ሲገባኝ ደነገጥኩ።

አባትየውን የመለሰው ምክር አይደለም። የደም ምርመራ ነው። 22ኪው ያለባቸው ሰዎች ካልሲየማቸው ሊወርድ ስለሚችል ብቻውን እንዲመጣና እንዲለካ ጠየቅኩት። መጣ። ካልሲየሙ ዝቅ ብሎ ነበር። ጣቶቹ የሚደነዝዙት ለዚህ ሊሆን እንደሚችል ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ሰነፍ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው» አለኝ። ስለ ሒሳቡ ነበር የሚናገረው። ያን ቀን አንድ ሰዓት አወራን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አልቀረም።

የልጁም ካልሲየም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። በሁለት ዓመቱ ሲያንቀጠቅጠው አልተለካም ነበር፤ ስለዚህ ያኔ ትኩሳት ይሁን ካልሲየም ዛሬ መለየት አይቻልም። አሁን ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ይወስዳል። ላንቃውም ታይቶ የንግግር ሕክምናው ለላንቃው እንዲስማማ ተደረገ። በዚያው ዓመት ውስጥ ቃላቱ ለሰው መሰማት ጀመሩ።

የአባትየው ወንድም የዘረመል ምርመራውን አልፈልግም አለ። አያትየዋ ሊያስገድዱት ፈልገው ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ምርመራው የእሱ ነው፤ መታመሙ ይህን መብት አይነሳውም። በቤተሰቡ ፈቃድ ለአእምሮ ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰውየው የካልሲየም ምርመራውን ግን እሺ አለ። ዝቅተኛ ነበር። የሚወስደው ለስኪዞፍሬኒያ የሚሰጠውን ክሎዛፒን ነው፤ ይህ መድኃኒት በራሱ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ 22ኪው ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይበልጥ። ሐኪሙ ካልሲየሙን አስተካከለ፣ የመድኃኒቱንም መጠን አየ። መንቀጥቀጡ ቀንሷል።

ሁለተኛዋ ልጅ

የአባትየው ውጤት ሲደርስ እርግዝናው 20 ሳምንት ሞልቶት ነበር። ሦስት አማራጭ አቀረብኩ። ፅንሱን የከበበው የእንሽርት ውሃ ተወስዶ መመርመር፣ የፅንሱን ልብ በአልትራሳውንድ በደንብ ማየት፣ ወይም ከተወለደች በኋላ መመርመር። ባልና ሚስቱ አልተስማሙም። እሱ ወደ ቀጠሮ ባይመጣም አሁኑኑ ማወቅ ፈለገ። እሷ ትንሽም ብትሆን የፅንስ መውረድ ስጋት ያለበትን ምርመራ አልፈለገችም። «ውጤቱ ምንም ቢሆን ልጄ ናት» አለች። እኔ ጎራ አልያዝኩም። ከሳምንት በኋላ ልቧ እንዲታይ፣ ደሟ ስትወለድ ከእትብቷ እንዲወሰድ ተስማሙ። ልቧ ጤነኛ ሆኖ ታየ። ይህ ብቻውን ጉድለቱ የለባትም ማለት እንዳልሆነ ደጋግሜ ነገርኳቸው።

ለማዋለጃ ክፍሉ አንድ ገጽ ዕቅድ ጻፍኩ። ካልሲየሟ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይለካ፤ ስትጠባ ወተት በአፍንጫዋ ይመለስ እንደሆነ ይታይ፤ የመከላከያ ሕዋሳቷ ሳይታዩ ሕያው ተህዋስ ያለበት ክትባት አይሰጣት። አንዱን ቅጂ እናትየዋ ያዘች።

ልጅቷ በሰዓቷ ተወለደች። በሁለተኛው ቀን እጅና እግሯ ይርገበገብ ጀመር። በሥራ ላይ የነበረ ባለሙያ አይቷት «እናቷ ከምትወስደው ክኒን ነው፤ ያልፋል» አለ። ግምቱ መሠረት አለው። ሰርትራሊን ከሚወስዱ እናቶች የተወለዱ አንዳንድ ሕጻናት ለጥቂት ቀናት እንዲህ ይሆናሉ።

እናትየዋ ግን ወረቀቱን አውጥታ «መጀመሪያ ካልሲየሟን ለኩልኝ» አለች። ተለካ። በጣም ዝቅተኛ ነበር። ካልሲየም ተሰጣት፤ መርገብገቡ ቆመ። ሳያንቀጠቅጣት ተደረሰባት። ከእትብቷ የተወሰደው ደምም በኋላ እንዳሳየው ጉድለቱ አለባት።

ይህችን ቀን ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ያቺ ወረቀት ባትኖር ክኒኑ በልጅቷም ይከሰስ ነበር፤ እናትየዋም ዳግመኛ ታቆመው ነበር።

የተሳካውና ያልተሳካው

የእናትየዋን ሕመም ማስቀደማችን ተሳክቷል። መድኃኒቷን ከጀመረች ከስድስት ሳምንት በኋላ መተኛት ጀመረች። ከወለደች በኋላም ክትትሏ አልተቋረጠም። ወረቀቷን አንድ በአንድ ማየታችንም ጠቅሟል። «ምንም አይደለም» ብዬ በጅምላ ባልፈው ኖሮ አታምነኝም ነበር።

ያልተሳካውን ጽፌዋለሁ፤ ችኮላዬን፣ የቁጥሮቹን ብዛት፣ ለአባትየው ውጤቱን የነገርኩበትን መንገድ። አንድ ሌላም አለ። የልጁ መምህራን ውጤቱን ሲሰሙ «እንግዲህ ከዘሩ ነው፣ አይለወጥም» ብለው ትኩረታቸውን ቀነሱ። እናትየዋ ናት ያስተዋለችው። ሄጄ ለማስረዳት ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዷ መምህር ተረድታኛለች። ከሌሎቹ ጋር ገና ነን።

ለሌላ ቤተሰብና ለሌላ ሐኪም

የዘር ሐረግ ሲሣል የሁለቱም ወገን ይሣል። ኦቲዝም ብቻ አይጠየቅ። የልብ ቀዳዳ፣ የላንቃ ቀዶ ሕክምና፣ መንቀጥቀጥ፣ የትምህርት ችግር፣ የአእምሮ ሕመም፣ በሕጻንነት የሞቱ ልጆች ሁሉ ይጠየቁ። የሚናገረው ብዙ ጊዜ አያት ነው፤ ስለዚህ አያት ካለ አብሮ ይምጣ።

በእርግዝና ላይ ያለች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እናት መድኃኒቷን በፍርሃት ከማቆሟ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ። ሐኪሙም ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት ለይቶ ይመልስ። ቫልፕሮየትና ሰርትራሊን አንድ አይደሉም።

አንድ ልጁ ኦቲዝም ያለበትና ምክንያቱ ያልታወቀ ቤተሰብ ስለሚቀጥለው ልጅ ሲጠይቅ የምነግረው ቁጥር አለኝ። ከአምስቱ አንዱ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ትልቅ ጥናት ያገኘው ይህን ነው። ከዚያ አምስት ክብ ሥዬ አንዱን አጠቁራለሁ። በመቶኛ ከመናገር ይልቅ ይህ በተሻለ ይገባል። ከዚያም የሰሙትን መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ። በዚህ ቤተሰብ ያንን ባለማድረጌ እናትየዋ ያልተባለ ነገር ይዛ አሥር ቀን ቆይታለች።

የምርመራ ውጤት የሚጠቅመው ሥራ ሲከተለው ነው። እዚህ ካልሲየም ተለካ፣ ላንቃ ታየ፣ ክትባት ታሰበበት፣ አጎትየው ላይ መድኃኒቱ ተስተካከለ። ልጁ አድጎ ወጣት ሲሆን ስለ ስኪዞፍሬኒያ ምልክቶች ወላጆቹ ምን እንደሚያዩና ለማን እንደሚደውሉ ከአሁኑ ተነጋግረናል። በዕቅዱ ላይ የአባትየው ስምም አለ፤ እሱም ታካሚ ስለሆነ።

የምንጠቀምበትን ቅጽ ቀይረነዋል። የአባት ገጽ አሁን ከእናት ገጽ እኩል ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበበልን ይህ አባት ነው። «ልጅ ሳለህ ምን ይከብድህ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የጨመረው እሱ ነው።